ለምላጭ የሚሆን ድንጋይ እንዴት ይመረጣል?

ባለፈው ዓመት በአንድ ማደሪያ ክፍል አብረውን ከሚኖሩት ጓደኞቻችን አንዱ ከዕረፍት ሲመለስ፥ አባቱ በወጣትነታቸው ገዝተው ለብዙ ዘመን ሲላጩበት የኖሩትን፥ እጀታው ውስጥ ታጥፎ የሚገባ ምላጭ ይዞ መጣ። አባትየው እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለ ጀመረ ምላጩን ለልጃቸው ሰጥተው፥ «ደኅና አድርገህ ያዘው» ብለውታል። ከብረቱ ሥር ዞሊንገን የሚል ጽሑፍ ተቀርጾበታል፤ ዞሊንገን በስለት ሥራ ስሟ የታወቀ የጀርመን ከተማ ናት። ምላጩ በሣጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለ ቆየ ደንዞ ነበር። እኛም ድንጋይ ሁሉ ያው ድንጋይ ነው ብለን፥ የወጥ ቤት ቢላዋ በሚሳልበት ሻካራ ሞረድ ላይ እየተቀባበልን ፈተግነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ወደ ብርሃን አውጥተን ብናየው አፉ እንደ መጋዝ ተሸራርፏል። ጓደኛችን አንድም ቃል አልተናገረም፤ ምላጩን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ቢቈጣን ይሻለን ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ያ ጥፋታችን ነው። ጥፋቱን ለማረም ስንደክም በከረምንበት ጊዜ ስለ ምላጭና ስለ መሳያ ድንጋይ የተማርነውን፥ ለሌሎች ጓደኞቻችን ቢጠቅም ብለን ከዚህ በታች በተራ አቅርበነዋል።

1ኛ/ የምላጭ ጠባይ

ምላጭ ከቢላዋ የሚለይበትን ነገር አስቀድሞ ያልተረዳ ሰው ድንጋይ መምረጥ አይችልም። ቢላዋ ሲሳል ማዕዘኑን የሚወስነው የሚስለው ሰው እጅ ነው። ምላጭ ሲሳል ግን ጀርባውና አፉ ባንድነት ድንጋዩ ላይ ተኝተው ስለሚሄዱ፥ ማዕዘኑን የሚወስነው የራሱ የጀርባው ውፍረት ነው። ለምሳሌ ያህል ጀርባው 5 ሚሊሜትር የወፈረና ከጀርባው እስከ አፉ 18 ሚሊሜትር የሰፋ ምላጭ ብንወስድ፥ አፉ ላይ የሚገናኙት የሁለቱ ጎኖች ማዕዘን ወደ 16 ዲግሪ ይሆናል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን «ይህ ደግሞ ለምን ይጠቅማል?» ስንለው የነበረው ታንጀንት እዚህ ላይ ጥቅሙ ታየን። የወጥ ቤት ቢላዋ ማዕዘን ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ስለሆነ፥ የምላጭ አፍ ከዚያ በግማሽ ያህል የቀጠነ መሆኑን ማየት ይቻላል።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፥ ጀርባና አፍ እኩል የሚያርፉት ድንጋዩ ለጥ ያለ ሲሆን ብቻ ነው። መካከሉ በጎደጎደ ድንጋይ ላይ የምላጩ ማዕዘን በየቦታው ይለዋወጣል። ሁለተኛ፥ የምላጩ ጎንና ጎን ወደ ውስጥ ተቦርቡሮ የቀጠነ ስለሆነ፥ በኀይል ቢጫኑት አፉ ይለመጣል። እኛ በሞረዱ ላይ ሁለቱንም ስሕተት ሠርተናል፤ ሞረዱ ከብዙ ዘመን ሥራ የተነሣ እንደ ገበታ ጎድጉዶ ነበር፤ እኛም ቶሎ እንዲሳል ብለን በሙሉ ክንዳችን ተጫንነው።

2ኛ/ ድንጋይ ብረትን የሚስለው እንዴት ነው?

የመሳያ ድንጋይ ሁሉ ሥራው አንድ ነው። በውስጡ ያሉት ጥቃቅንና ጠንካራ ቅንጣቶች ብረቱን እየጫሩ ያነሡታል። ትልቅ ቅንጣት ጥልቅ ጭረት ይተዋል፤ ትንሽ ቅንጣት ደግሞ ጥልቀት የሌለው ጭረት ይተዋል። የግራው ጎን ጭረትና የቀኙ ጎን ጭረት አፉ ላይ ሲገናኙ እንደ ጥርስ ያለ ነገር ይፈጥራሉ። ጥርሱ ትልቅ ከሆነ ቆዳን ይቧጭራል፤ ጥርሱ እጅግ ካነሰ ጠጉሩን ቆርጦ ቆዳውን ሳይነካ ያልፋል። ስለዚህ መሳል ማለት ትልቁን ጭረት በትንሽ ጭረት፥ ትንሹንም ከርሱ ባነሰ ጭረት እየተኩ መሄድ ነው።

ሥራው በሦስት ደረጃ ይከፈላል፤

ሀ) መሠረት መጣል፤ ሁለቱ ጎኖች አፉ ላይ በትክክል እስኪገናኙ፥ ሽርፍታውም እስኪጠፋ ድረስ ብረት ማንሣት ነው።

ለ) ማለስለስ፤ የመጀመሪያው ድንጋይ የተወውን ጥልቅ ጭረት ማጥፋት ነው።

ሐ) መጨረስ፤ አፉን ለፊት ቆዳ የሚስማማ ማድረግ ነው።

እነዚህን ደረጃዎች በዝርዝር የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። አብዛኛው ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለሦስተኛው ደረጃ ድንጋይ ነው፤ ችግሩ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። እኛም ራሳችን በዚህ ወጥመድ ሁለተኛ ጊዜ ወደቅን። ታሪኩን ወደ ታች እንነግራችኋለን።

3ኛ/ ከምድር የሚወጡ ድንጋዮች

ሰው ከጥንት ጀምሮ ስለቱን የሚስለው ከተፈጥሮ ባገኘው ድንጋይ ነው። በ79 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የሞተው ሮማዊው ሊቅ ፕሊኒ ስለ ተፈጥሮ ታሪክ በጻፈው መጽሐፍ፥ የመሳያ ድንጋዮችን በዘይት የሚሠራባቸውና በውሃ የሚሠራባቸው ብሎ ከፋፍሏል፤ በጠጉር ቆራጮች ቤት በሰው ምራቅ እየረጠበ የሚሠራበትም ድንጋይ እንዳለ ጽፏል። የዛሬ አንባቢ ይህን የመጨረሻውን ልማድ እንዳይከተል አደራ እንላለን። ለምላጭ ስማቸው ከተጠራው የተፈጥሮ ድንጋዮች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

የቤልጂግ ድንጋይ። በአርደን ተራሮች፥ በቪየልሳልም አካባቢ የሚገኝ ኮቲኩል የተባለ ቢጫማ ድንጋይ ነው። ብረቱን የሚጭረው በውስጡ ያለው ጋርኔት የተባለው ማዕድን ነው። የጋርኔቱ ቅንጣት ከ5 እስከ 15 ማይክሮን ያህል ነው (አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ክፍል ነው)። ይህ ለመጨረሻ ደረጃ ትልቅ ይመስላል፤ ነገር ግን የጋርኔት ቅንጣት ብዙ ገጽ ኖሮት ወደ ክብነት ስለሚጠጋ ጭረቱ ጥልቅ አይሆንም። ድንጋዩን በሌላ ትንሽ ድንጋይ በውሃ ሲያሹት ወተት የመሰለ ውሃ ይወጣዋል። በዚህ ወተት ላይ ምላጩ ቶሎ ይሳላል፤ ወተቱ ታጥቦ በንጹሕ ውሃ ብቻ ሲሠራበት ደግሞ ሥራው ይዘገያል፥ አፉም ይለሰልሳል። አንድ ድንጋይ ስለዚህ ሁለት ደረጃ ይሠራል። የቢጫው ድንጋይ ንጣፍ በምድር ውስጥ ቀጭን ስለሆነ፥ ብዙ ጊዜ ከሌላ ጥቁር ድንጋይ ጋር ተጣብቆ ይሸጣል፤ ገዢው ይህን አይቶ ተታለልሁ አይበል።

የአርካንሶ ድንጋይ። በአሜሪካ፥ በዋሺታ ተራሮች የሚገኝ ሲሆን፥ መላ አካሉ እጅግ ደቃቅ ኳርትዝ ነው። ቅንጣቶቹ አንዱ ካንዱ ጋር በጽኑ ስለ ተያያዙ ድንጋዩ በቀላሉ አይበላም፥ ቶሎም አይጎደጉድም። ለምላጭ የሚሆነው ጠንካራውና ብርሃን የሚያሳልፈው ወይም ጥቁሩ ዐይነት ነው። በዘይት ወይም በውሃ ይሠራበታል። ጉድለቱ መዘግየቱ ነው፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው ባይገዛው ይሻለዋል።

የቱሪንጊያ ድንጋይ። ከጀርመን አገር የሚወጣ፥ እንደ መጽሐፍ ገጽ በንጣፍ በንጣፍ የሚሰነጠቅ ለስላሳ ድንጋይ ነበር። ቀድሞ ከምላጩ ጋር በየአገሩ ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ በእጅ የሚገኘው አብዛኛው ከድሮ የተረፈ ስለሆነ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

የጃፓን ድንጋይ። በኪዮቶ ከተማ አካባቢ ካሉ ተራሮች የሚወጣ ሲሆን፥ ከቦታዎቹ ሁሉ ናካያማ የተባለው ስሙ የገነነ ነው። ከነዚያ የድንጋይ ጉድጓዶች አብዛኛዎቹ ዛሬ ተዘግተዋል። አንዱ ድንጋይ ካንዱ በጥንካሬም በልስላሴም እጅግ ስለሚለያይ፥ የሚያውቅ ሰው ሳይኖር በስሙ ብቻ መግዛት አደጋ አለው።

እነዚህ ሁሉ የሚጋሩት አንድ ጠባይ አለ። በተፈጥሮ ድንጋይ ላይ ቁጥር አልተጻፈበትም፤ ከአንድ ተራራ የወጡ ሁለት ድንጋዮች እንኳ እኩል አይሠሩም። ሌላም ነገር አለ። የኳርትዝ ጥንካሬ በሞስ መለኪያ 7 ነው፤ ጋርኔትም በዚያው አካባቢ ነው። ይህ ለቀድሞው የካርቦን ብረት ምላጭ ይበቃል። በማይዝግ ብረት ውስጥ ያሉት አንዳንድ ጠጣር ቅንጣቶች ግን ከዚህ ስለሚጠነክሩ፥ የማይዝግ ምላጭ ያለው ሰው በተፈጥሮ ድንጋይ ላይ ብዙ ይደክማል።

4ኛ/ ሰው ሠራሽ ድንጋዮች

እ.ኤ.አ. በ1891 ኤድዋርድ አቺሰን የተባለ አሜሪካዊ ሸክላ አፈርንና የከሰል ኮክን ቀላቅሎ በኤሌክትሪክ ኀይል እጅግ ሲያግል፥ የሚያብረቀርቁ ጠንካራ ቅንጣቶች አገኘ። ካርቦንና ኮራንደም የተባለው ማዕድን የተዋሐዱ መስሎት ካርቦራንደም ብሎ ሰየመው። በእርግጥ ያገኘው ሲሊኮን ካርባይድ ነበር፤ ስሙ ግን በዚያው ቀረ። ቆየት ብሎም ከቦክሳይት ማዕድን የሚገኘውን አሉሚናን በኤሌክትሪክ እቶን አቅልጦ ለመሳያ ማዋል ተቻለ። አሉሚና በሞስ መለኪያ 9 ነው፤ ሲሊኮን ካርባይድም ከዚያ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሁለቱም የማይዝገውን ብረት ሳይቀር ይቆርጣሉ።

የሰው ሠራሽ ድንጋይ ትልቁ ጥቅሙ ቁጥሩ ነው። ቅንጣቶቹ ተፈጭተው በመጠናቸው ስለሚለዩ፥ ገዢው ምን እንደሚገዛ አስቀድሞ ያውቃል። በጃፓን መለኪያ 1000 ቁጥር ወደ 11.5 ማይክሮን፥ 6000 ቁጥር ወደ 2 ማይክሮን፥ 8000 ቁጥር ወደ 1.2 ማይክሮን ያህል ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ያህል መሆኑን ስናስብ ነገሩ ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ ይገባናል። ነገር ግን የአሜሪካና የአውሮፓ መለኪያ ከጃፓኑ ስለሚለይ፥ ሁለት ድንጋዮችን በቁጥር ብቻ ከማወዳደር በማይክሮን ማወዳደር ይሻላል።

ጉድለትም አለባቸው። ብዙዎቹ ከተፈጥሮዎቹ ይልቅ ቶሎ ይበላሉ፥ ቶሎም ይጎደጉዳሉ። አንዳንዶቹ ከሥራ በፊት ውሃ ውስጥ መነከር ያስፈልጋቸዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ ውሃ ውስጥ ከቆዩ ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ የሠሪውን መመሪያ ማንበብ ግዴታ ነው። ከሥራ በኋላም በጥላ እንጂ በፀሐይ ማድረቅ አይገባም።

5ኛ/ እንግዲህ የትኛው ይመረጥ?

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ምላጩን ካበላሸን በኋላ በብራስልስ የሚኖሩት የአንዱ ጓደኛችን አክስት ለዕረፍት ሲመጡ አንድ የቤልጂግ ድንጋይ ይዘውልን መጡ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ሁለት ምሽት ሙሉ በወተቱም በንጹሕ ውሃውም ሠራንበት። ጎኑ እንደ መስታወት አበራ፤ ሽርፍታው ግን ባለበት ነበር። ጥፋቱ የድንጋዩ አልነበረም። እኛ የመጨረሻውን ደረጃ ድንጋይ የመጀመሪያውን ደረጃ ሥራ እንዲሠራልን ጠየቅነው።

ከዚያ በኋላ ገንዘብ አዋጥተን ባለ ሁለት ፊት ሰው ሠራሽ ድንጋይ አስመጣን፤ ባንድ በኩል 1000፥ በሌላው በኩል 6000 ነው። በ1000ው ላይ በአንድ ቅዳሜ ሽርፍታው ጠፋ፤ በ6000ው ጭረቱ ለሰለሰ፤ በቤልጂጉም ተጠናቀቀ። ከዚህ ተነሥተን ለጓደኞቻችን የምንመክረው የሚከተለውን ነው፤

ሀ) ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ሰው ሠራሽ ይግዛ። 1000 እና 6000 ወይም 8000 ያለው ባለ ሁለት ፊት ድንጋይ ከመሠረት እስከ መላጨት ያደርሳል።

ለ) ምላጩ ያልተሸረፈ፥ ትንሽ ብቻ የደነዘ ከሆነ 1000ው አያስፈልግም። ያለ ምክንያት ብረት ማንሣት የምላጩን ዕድሜ ማሳጠር ነው።

ሐ) የተፈጥሮ ድንጋይ ለመጨረሻው ደረጃ ይሁን፤ የሚገዛውም እጅ ከተለማመደ በኋላ ነው። አፉ በቆዳ ላይ ሲያልፍ ይለሰልሳል ብለው የሚመርጡት ብዙዎች ናቸው፤ እኛም በፊታችን ላይ ልዩነቱን አይተናል። ከ8000 ቁጥር ጨርሶ የሚላጭ ሰው ግን ምንም አልጎደለበትም።

መ) የተፈጥሮ ድንጋይ ሲገዛ በውሃ አርጥቦ በብርሃን ማየት ነው። ስንጥቅ ያለበትን፥ በጥፍር ሲዳስሱት የሚያደናቅፍ ጠጣር ጉብታ ያለበትን መተው ይገባል። አንድ ጠጣር ነገር የአንድ ሳምንት ሥራ ያበላሻል።

ሠ) 15 ሴንቲሜትር ርዝመትና 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ድንጋይ ይበቃል። ከዚህ ለሚተልቅ መጠን ገንዘብ ማውጣት ለተማሪ አያስፈልግም።

6ኛ/ ስለ አሠራሩ

ድንጋዩ ምንም ዐይነት ቢሆን በቅድሚያ ለጥ ማለት አለበት። በላዩ ላይ በእርሳስ መስመር እያጋደሙ እያቆሙ ይሠመራል፤ ከዚያም በወፍራም መስታወት ላይ በተዘረጋ ውሃ የማይፈታው ብርጭቆ ወረቀት ላይ ይታሻል። የእርሳሱ መስመር ሁሉ እኩል ሲጠፋ ድንጋዩ ተስተካክሏል ማለት ነው። መካከሉ ላይ መስመር ከቀረ ገና ጎድጓዳ ነው።

ምላጩ ሲሄድ አፉ ይቀድማል፥ ጀርባው ይከተላል፤ ሁለቱም ከድንጋዩ አይነሡም። ሲመለስ የሚገለበጠው በጀርባው ላይ ነው፤ በአፉ ላይ ከተገለበጠ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ድንጋዩ ከምላጩ የጠበበ ከሆነ፥ አፉ ከሥሩ እስከ ጫፉ እንዲዳረስ አግድም እየሳቡ መሄድ ነው። ክብደቱ የምላጩ የራሱ ክብደት ይበቃል። ጀርባው እንዳይበላ አንዳንዶች ናስትሮ ይለጥፉበታል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ማዕዘኑ በጥቂቱ እንደሚጨምር ይወቅ፥ ከመጀመሪያው ድንጋይ እስከ መጨረሻው ድረስም አያንሣው።

መሠረቱ መጣሉን ለማወቅ የአፉን ጎን በማርከር ቀብቶ ጥቂት ምልልስ ማስኬድ ነው። ቀለሙ እስከ አፉ ጠርዝ ድረስ እኩል ከጠፋ ድንጋዩ አፉን አግኝቶታል። ከ1000ው ሲነሣ የክንድን ጠጉር ከሥሩ መላጨት ካልቻለ ወደ ሚቀጥለው ድንጋይ ማለፍ ዋጋ የለውም። አጉሊ መነጽር ያገኘ ሰው ደግሞ የቀደመው ድንጋይ ጭረት ፈጽሞ መጥፋቱን ይመልከት።

በመጨረሻም የቆዳ ጠፍር አለ። በጠፍር ላይ ከድንጋዩ በተቃራኒ ጀርባው ይቀድማል፥ አፉ ይከተላል። ከመላጨት በፊት 50 ምልልስ ያህል ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፥ ከብረት 50 ጊዜ ያህል የሚለሰልሰው የሰው ጠጉር የምላጭን አፍ በጥቂት በጥቂቱ ሊሸርፍ እንደሚችል አሳይተዋል፤ ጠጉሩ በምላጩ ላይ አጋድሎ ሲመጣ ጉዳቱ ይብሳል። ጢምን በሞቀ ውሃና በሳሙና ደኅና አድርጎ ማራስ ስለዚህ ለፊት ብቻ ሳይሆን ለምላጩም ይጠቅማል።

7ኛ/ ስለ ጤና

ድንጋይና ሞያ ለጓደኛ ይካፈላል፤ ምላጭ ግን አይካፈልም። ምላጭ ባይታይም ቆዳን ያደማል፤ የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ደግሞ ከሰው አካል ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለ ኤች.አይ.ቪ.ም ስለት ያላቸውን ነገሮች በጋራ አትጠቀሙ የሚለውን ምክር ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ምላጭን ማጠብ ብቻ አያነጻውም። በእኛ ክፍል ድንጋዩ የሁሉ ነው፤ ምላጩ ግን የባለቤቱ ብቻ ነው። የሌላ ሰው ምላጭ ለመሳል የሚቀበልም ሰው አስቀድሞ በጀርም ማጥፊያ ያጽዳው፤ ድንጋዩንም ከሥራ በኋላ ይጠበው።

መደምደሚያ

የጓደኛችን አባት ምላጭ ዳነ፤ እንደ ቀድሞው ግን አልሆነም። ሽርፍታውን ለማጥፋት ስንል ከስፋቱ አንድ ሚሊሜትር ያህል ወስደንበታል፤ ያ ብረት ከእንግዲህ አይመለስም። ጓደኛችን በክረምት ወደ አገሩ ሲሄድ ይዞት ሄደ። አባቱ ተቀብለው ወደ ብርሃን አቅንተው አዩትና፥ «ጠቧል እኮ! ምን አደረጋችሁት?» አሉት። የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ነገራቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው ውሃ እንዲያሞቅ አዘዙት፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ አገጫቸውን አቅንተው ተቀመጡለት፤ እርሱም በዚያው ምላጭ ላጫቸው። አንድም ቦታ አልደሙም።

እኛ ከዚህ የተማርነው ይህ ነው። ድንጋይ የሚመረጥ በስሙና በዋጋው ሳይሆን በሚፈለግበት የሥራ ደረጃ ነው። ሥራውን ከመሠረቱ ያልጀመረ ሰው ከአርደንም ከኪዮቶም ተራራ የመጣ ድንጋይ አይረዳውም። ከአባቱ ወይም ከአያቱ የቀረ ምላጭ በሣጥን ያስቀመጠ ጓደኛ ካለ፥ ወደ ሞረድ ከመውሰዱ በፊት ወደ ክፍላችን ብቅ ይበል፤ ድንጋዮቻችንን ለማዋስ፥ የምናውቀውንም ለማሳየት ዝግጁዎች ነን።